ዳግመኛ ጨረር፤ የጉሮሮ ነቀርሳ ሲመለስ ስለሚደረገው ሕክምናና ስለ መዝገቡ አጠባበቅ

ከከባድ ደዌ ድኖ ወደ ንግዱና ወደ ቤተ ሰቡ የተመለሰ ሰው፣ ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው በሽታ በያው ሥፍራ ዳግመኛ ሲያቈጠቍጥበት የሚያድርበት ድንጋጤ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በመጀመሪያው ጊዜ ሕክምናው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ተስፋው ሰፊ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን የሕክምናውን ሥቃይ በሰውነቱ ያውቀዋል፣ ገንዘቡም ቀድሞ ወጥቷል፣ ዘመዶቹም ደክመዋል። ከነቀርሳ ዐይነቶች ሁሉ ደግሞ በጉሮሮ ላይ የሚመለሰው ነቀርሳ ይህን ጭንቀት ያበዛዋል፤ ሰው የሚናገርበት፣ የሚበላበትና የሚተነፍስበት በር አንድ ሥፍራ ላይ የተሰበሰበ ነውና። ይህን በሽታ በጨረር ሁለተኛ ጊዜ ማከም ይቻላልን? ቢቻልስ ለማን ይጠቅማል? የሚለው ጥያቄ በሐኪሞች ዘንድ ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። በካርቱም የሚኖሩትን የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች በሚመለከት ግን ጥያቄው ከሕክምና አልፎ የመዝገብና የአስተዳደር ጕዳይ ጭምር ሆኗል።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የዓባይ ዳሩ ሰፈር

ጀሪፍ በካርቱም ከተማ በዓባይ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። ወንዙ መካከሉን አቋርጦ ስለሚያልፍ ምዕራብ ጀሪፍና ምሥራቅ ጀሪፍ ተብሎ ይጠራል። ሰፈሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው በጡብ ሥራ ነው፤ ዓባይ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ የሚያወርደው ደለል በዚያ ዳርቻ ተቦክቶ፣ በቅርጽ ተመትቶና በእሳት ተተኩሶ የካርቱምን ቤቶች የሠራ ቀይ ጡብ ሆኗል። ያው ወንዝ ያመጣውን አፈር ተከትለው የመጡ ይመስል፣ በስደትና በንግድ ምክንያት ወደ ሱዳን የወረዱ ብዙ ሐበሾች በጀሪፍ ተቀምጠው ነበር። እንጀራ የሚጋገርባቸው ምግብ ቤቶች፣ ቡና የሚፈላባቸው ቤቶችና ትናንሽ ሱቆች ተከፍተው፣ ሰፈሩ ከአገሩ የራቀ ሰው የአገሩን ቋንቋ የሚሰማበት ሥፍራ ሆኖ ቆየ።

ይህ ማኅበር ከሕክምና ጋር የነበረው ግንኙነት ሊታሰብ የሚገባው ነው። በካርቱም የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል የሚባለው የነቀርሳ ሕክምና ቤት የተቋቋመው በ1967 ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የተጀመረው ግን ከ30 ዓመታት በኋላ በ1997 ሲሆን፣ ይህም በዓለም አቀፉ የአቶም ኀይል ድርጅት ርዳታ በተገኘ የኮባልት ማሽን ነበር። ኤርትራም ለረጅም ዘመን የራሷ የጨረር ማሽን ሳይኖራት ቆየች። ስለዚህ በዚያ ዘመን በነቀርሳ የተያዘ የቀንዱ ምድር ሰው ጨረር ሲታዘዝለት ካርቱም ከቅርቦቹ ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። በጀሪፍ የሚኖር ዘመድም ለታማሚው ማረፊያ ቤት፣ አስተርጓሚና አስታማሚ ይሆንለት ነበር።

የጉሮሮ ነቀርሳ ምንድን ነው?

በተራ አነጋገር የጉሮሮ ነቀርሳ የሚባለው በአንድ ስም የተጠራ ይሁን እንጂ ከአንድ በላይ ነው። አንዱ ድምፅ በሚወጣበት በማንቁርት ላይ የሚነሣው ነው፤ ምልክቱ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆይ የድምፅ መጎርነን ነው። ሁለተኛው ከምላስ ሥርና ከእንጥል አካባቢ የሚነሣው ሲሆን፣ ለመዋጥ መቸገርን፣ ወደ ጆሮ የሚወጣ ሕመምንና በአንገት ላይ የሚታይ እብጠትን ያመጣል። ሦስተኛው ከአፍንጫ በስተኋላ በጉሮሮ ጣሪያ ላይ ተሸሽጎ የሚያድገው ነው፤ ይህም አፍንጫን ያደማል፣ ጆሮን ይደፍናል፣ ብዙ ጊዜም በአንገት እብጠት ከተገለጠ በኋላ ነው የሚታወቀው። ይህ ሦስተኛው ዐይነት በደቡብ ቻይና እጅግ የበዛ ሲሆን፣ በሱዳንም ጎልቶ የሚታይ መሆኑን የአገሩ ሐኪሞች ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መዝግበዋል።

መነሻቸውም የተለያየ ነው። የማንቁርት ነቀርሳ ዋና አምጪ ትምባሆ ማጨስ ነው፤ መጠጥ ሲጨመርበት ጕዳቱ ይበረታል። በጉሮሮ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ኤፕስታይን ባር ከሚባለው ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። በምላስ ሥርና በእንጥል አካባቢ ከሚነሣውም ብዙው ክፍል፣ በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ፣ ፓፒሎማ ከሚባል ሌላ ቫይረስ እንደሚመጣ ተረጋግጧል። በሱዳን ደግሞ ቱምባክ የሚባል በከንፈርና በድድ መካከል የሚያዝ ትምባሆ አለ፤ ይህም ከዐጥሮን ጋር ተለውሶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ነቀርሳ አምጪ ቅመሞች እጅግ በበዛ መጠን የሚገኙበት በመሆኑ ለአፍ ነቀርሳ ትልቅ ምክንያት ሆኗል። ወደዚያ አገር የሄዱ ሠራተኞቻችንም ከባልንጀራ ተምረው ይህን ልማድ የያዙት ቢኖሩ ሊተዉት ይገባል።

የመጀመሪያው ጨረር አሠራር

ቪልሄልም ሮንትገን የኤክስ ጨረርን ያገኘው በ1895 ነው፤ ፒዬርና ማሪ ኩሪም ራዲየምን በ1898 አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሐኪሞች ጨረሩን በአንድ ጊዜ አብዝተው እየሰጡ በሽታውን ከደኅናው ሥጋ ጋር ያቃጥሉት ነበር። በ1924 ታላቁ የኢጣልያ የሙዚቃ ደራሲ ጃኮሞ ፑቺኒ በጉሮሮ ነቀርሳ ተይዞ ወደ ብሩክሴል ሄደ፤ በዚያም ራዲየም በጉሮሮው ውስጥ ተተክሎለት ሳለ፣ ልቡ ደክሞ ኖቬምበር 29 ቀን 1924 ዐረፈ። የዘመኑ ጥበብ ለዝነኛውም ለባለጠጋውም ከዚህ የበለጠ ሊያደርግ አልቻለም ነበር።

መንገዱን የከፈተው በፓሪስ የሚሠራው ሐኪም ኤንሪ ኩታር ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ጨረሩን በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው ለሳምንታት እየሰጡ የማንቁርት ነቀርሳን ማዳን እንደሚቻል በ1922 በፓሪስ በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ አሳዩ። የዚህም ምስጢር ደኅናው ሥጋ በሁለት ጨረሮች መካከል ባለው ጊዜ ቍስሉን የሚጠግን ሲሆን፣ ነቀርሳው ግን ይህን ጥገና እንደ ደኅናው አድርጎ ለመሥራት አለመቻሉ ነው። ዛሬም የሚሠራበት ሥርዐት ከዚሁ የወጣ ነው። የጨረር መጠን የሚለካበት ስም ግሬይ ይባላል፤ ለጉሮሮ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 70 ግሬይ ያህል ሲሆን፣ በቀን 2 ግሬይ እየሆነ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በ35 ቀጠሮ፣ በ7 ሳምንት ይፈጸማል።

የኮባልት ማሽን ለነቀርሳ ሕክምና በሥራ ላይ የዋለው በ1951 በካናዳ ነው። ኮባልት በተፈጥሮው እየደከመ የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ ኀይሉ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ በጊዜው ካልተለወጠ ለአንድ ታማሚ 3 ደቂቃ ይበቃው የነበረው 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወረፋውም በዚያው ልክ ይረዝማል። የሕክምና ማሽን መግዛት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የምንጩን መለወጫና የመጠገኛውን ገንዘብ በየዓመቱ በበጀት መያዝ እንደሚያስፈልግ አስተዳዳሪዎች ከዚህ ይረዱታል።

ነቀርሳው ሲመለስ

የጉሮሮ ነቀርሳ ከጨረር በኋላ የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር፣ የታየው እብጠት ወይም ቍስል በእርግጥ ነቀርሳ መሆኑን ማጣራት ነው። የመጀመሪያው ጨረር ራሱ ሥጋን አድርቆና አቍስሎ ነቀርሳ የሚመስል ነገር ሊያመጣ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም የተነሣው ከቀድሞው ጋር የማይገናኝ አዲስ ነቀርሳ ይሆናል። ስለዚህ ከቍስሉ ላይ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሳይመረመር፣ ሳንባና ሌላው የሰውነት ክፍልም ሳይታይ፣ ወደ ሁለተኛ ጨረር የሚቸኵል ሐኪም ሊኖር አይገባም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በዚህ ሥፍራ የፈሰሰው ነገር ተመልሶ የማይለቀም ነው።

በሽታው መመለሱ ከተረጋገጠና ሊቈረጥ የሚችል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ቀዶ ሕክምና ነው። የማንቁርት ነቀርሳ ከጨረር በኋላ ሲመለስ ማንቁርቱ በሙሉ ወጥቶ በአንገት ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ይከፈታል። ታማሚው የተፈጥሮ ድምፁን ያጣል፤ ነገር ግን በሚተከልለት ትንሽ መሣሪያ ወይም በልምምድ ዳግመኛ መናገር የሚችሉ ብዙዎች ናቸው። ነጋዴ ለሆነ ሰው ድምፁን ማጣት ገበያውን ማጣት መስሎ ስለሚታየው፣ «ከመቈረጥስ ጨረሩ ይደገምልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ሐኪሙም ልመናውን ሰምቶ፣ የሁለቱን መንገዶች ልዩነት በግልጥ ሊያስረዳው ግዴታው ነው።

ሥጋ የሚይዘው ሒሳብ

ሁለተኛ ጨረር ከመጀመሪያው የሚለይበት ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ የሰው ሥጋ የተቀበለውን ጨረር እንደ ነጋዴ መዝገብ ይዞ ያቆያል። ከዓመታት በኋላ የዕዳው ከፊል ይሰረዛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሰረዝም። ለምሳሌ ኅብለ ሰረሰር በተለመደው አከፋፈል ከ45 እስከ 50 ግሬይ ድረስ ያለ ሥጋት ይሸከማል ተብሎ ይታሰባል። በመጀመሪያው ሕክምና 45 ግሬይ ያህል ደርሶት ከሆነ፣ ከአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ የተወሰነ አቅሙን እንደሚመልስ ተረጋግጧል፤ ይሁን እንጂ ቀሪው ሒሳብ ሳይታወቅ ዳግመኛ ጨረር ቢለቀቅበት እጅና እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በዚህም ምክንያት በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ቢያንስ 6 ወር ያህል እንዲያልፍ ይፈለጋል፤ የጊዜው ርዝመት ሲጨምርም የተሻለ ነው።

ከኅብለ ሰረሰር ሌላ የሚያስፈራው በአንገት ግራና ቀኝ ደም ወደ አንጎል የሚያደርሰው ታላቁ የደም ሥር ነው። ይህ ሥር በሁለት ጨረር ከደከመ በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። በ2012 በታተመ ጥናት፣ ዳግመኛ ጨረር ከተሰጣቸው 1,554 ሰዎች መካከል በ41ዱ ላይ ይህ አደጋ ደርሷል፤ ይኸውም ከመቶ 2.6 ያህል ነው። አደጋው ከደረሰባቸው ውስጥ ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞተዋል። ከዚህም በቀር የመንጋጋ አጥንት ይሞታል፣ አንገት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ምራቅ ይጠፋል፣ መዋጥም ተስኖት ታማሚው በቱቦ እየተመገበ ቀሪ ዕድሜውን የሚያሳልፍበት ጊዜ አለ።

ቍጥሩ የሚያሳየው

በአሜሪካ በተደረገውና ውጤቱ በ2008 በታተመው ጥናት፣ የተመለሰው ነቀርሳቸው ሊቈረጥ የማይችል ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ 1.5 ግሬይ እየሆነ በጠቅላላው 60 ግሬይ ከመድኃኒት ጋር ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት ከመቶ 15 ያህል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከመቶ 4 ያህል ነበሩ። ቍጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ያለዚህ ሕክምና አምስተኛውን ዓመት ያያል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ከቶ አይኖርም በሚባልበት በሽታ ላይ የተገኘ በመሆኑ፣ ሐኪሞች ሥራውን እንዲቀጥሉ አደረጋቸው። በፈረንሳይ የተደረገና በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ነቀርሳው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው በኋላ ዳግመኛ ጨረር የተጨመረላቸው ሰዎች በሽታው በሥፍራው የመመለሱ ነገር ቢቀንስላቸውም፣ ዕድሜያቸው ግን ካልተጨመረላቸው እንዳልበለጠና ጕዳታቸውም እንደበዛ አሳየ።

ከዚያ ወዲህ ጨረሩ የነቀርሳውን ቅርጽ ተከትሎ እንዲሄድና ደኅናውን እንዲሸሽ የሚያደርግ አዲስ አሠራር መጣ። በዚህ አሠራር ከ7 የአሜሪካ ሕክምና ቤቶች የተሰበሰበ የ412 ሰዎች ታሪክ በ2018 ሲመረመር፣ ታማሚዎቹ በሦስት ክፍል ተለይተው ታዩ። ከመጀመሪያው ጨረር በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩና የተመለሰው ነቀርሳ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቶ 62 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። በሽታው በሁለት ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው፣ ከዚያም በላይ በምግብ ቱቦ ወይም በአንገት መተንፈሻ የሚኖሩት ግን ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ቆይተዋል። በመካከል ያሉት 40 ያህል ሆኑ። ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ሕክምና ለአንዱ ትልቅ ተስፋ ሲሆን ለሌላው ሥቃይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸውም የጊዜው ርዝመት፣ የነቀርሳው ሥፍራና የታማሚው አቅም ነው።

በሱዳን ለሚታየው ለጉሮሮ ጣሪያ ነቀርሳ ከቻይና የመጣው ወሬ የተሻለ ነው። በ2021 በታተመው ጥናት የተመለሰው ነቀርሳ ትንሽ ሆኖ ሊቈረጥ በሚቻልበት ጊዜ፣ በአፍንጫ በኩል በሚገባ መሣሪያ የተቈረጠላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 86 ያህሉ፣ ጨረር የተደገመላቸው ደግሞ ከመቶ 68ቱ በሕይወት ነበሩ። በ2023 በታተመው ሌላ ጥናት፣ በሽታው ገፍቶ የተመለሰባቸው 144 ሰዎች በጓንግዡ በሁለት ተከፍለው ታከሙ። ለአንዱ ወገን 60 ግሬይ በ27 ቀጠሮ፣ ለሁለተኛው 65 ግሬይ በቀን ሁለት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ በ54 ቀጠሮ ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ከመቶ 55፣ ሁለተኞቹ ከመቶ 75 ያህል በሕይወት ቆዩ፤ ከባድ ጕዳት የደረሰባቸውም በሁለተኞቹ ዘንድ አነሱ። ኩታር ከመቶ ዓመት በፊት ያስተማረው ነገር፣ ጨረርን መከፋፈል ደኅናውን ሥጋ ያድናል የሚለው፣ በሁለተኛው ሕክምና ላይ ደግሞ እውነት ሆኖ ተገኘ።

ጨረርም ቀዶ ሕክምናም የማይሆንለት ሰው ያለ ርዳታ አይቀርም። በመድኃኒት ማከም አለ፤ ከ2016 ጀምሮም የሰውነትን የመከላከያ ኀይል የሚያነቃቁ አዳዲስ መድኃኒቶች በሥራ ላይ ውለዋል። ከእነርሱ አንዱ ኒቮሉማብ የሚባለው፣ በዚያው ዓመት በታተመው ጥናት የታማሚዎቹን መካከለኛ ዕድሜ ከ5.1 ወር ወደ 7.5 ወር አድርሶታል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተ ሰብ የማይደፈር ነው። ሕመምን በሞርፊን ማስታገሥ፣ ቍስልን ማጽዳት፣ መተንፈሻን መክፈትና በክብር ማስታመም ደግሞ በሁሉም ሥፍራ ሊደረግ የሚቻል ሕክምና ነው።

ጦርነቱና የጠፉት መዝገቦች

ይህ ሁሉ ተነግሮ ሳለ፣ የጀሪፍ ሰው ችግር ከዚህ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በመሐል ከተማ ያለው የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል ሥራ ተቋረጠ፤ በሕክምና መካከል የነበሩት ታማሚዎች ቀጠሯቸውን ሳይጨርሱ ተበተኑ። ብዙዎቹ በጀዚራ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው ወደ ወድ መደኒ ብሔራዊ የነቀርሳ ተቋም ሸሹ፤ በዲሴምበር 2023 ግን ጦርነቱ ወደዚያም ከተማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጨረር የሚፈልግ ሰው በሰሜን እስከ መረዌ ድረስ ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ሆነበት። የጀሪፍ ሐበሾችም አንዳንዶቹ ወደ ፖርት ሱዳን፣ አንዳንዶቹ ወደ ግብፅ፣ ብዙዎቹም በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ።

እንግዲህ ከእነዚህ መካከል ቀድሞ በካርቱም ለጉሮሮው ጨረር የተሰጠው አንድ ሰው አለ እንበል። መተማን ተሻግሮ ጎንደር ገብቶ፣ ከዚያም በሽታው ስለተመለሰበት ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ኋላ የጨረር ክፍል ወደ ተቋቋመበት ወደ ጅማ ተላከ። ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ስንት ግሬይ ተሰጠህ? በስንት ቀጠሮ? በየትኛው ማሽን? ከየትኛው አቅጣጫ? መቼ ተፈጸመ?» የሚል ነው። ሰውየው ጨረር እንደተሰጠው ያውቃል፤ ስንት ሳምንት እንደተመላለሰም ያስታውሳል፤ ሒሳቡ ግን ከቤቱ ጋር ቀርቷል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ሁለት ክፉ ምርጫዎች ብቻ ይቀሩታል። ታማሚው ከፍተኛውን መጠን ተቀብሏል ብሎ ገምቶ ሕክምናውን ሊከለክለው ነው፤ አለዚያም ባልታወቀ ዕዳ ላይ ሌላ ዕዳ ሊጭንበት ነው። ሊድን ይችል የነበረ ሰው በአንድ ወረቀት መጥፋት ምክንያት ከመዳን ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ወረቀቱ ቢገኝ ግን ሁሉ ነገር ይለወጣል። ሐኪሙ የቀድሞውን መጠን ከአዲሱ ጋር ደምሮ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ያሰላል፤ የደም ሥሩን የሚሸሽ መንገድ ይፈልጋል፤ ወይም ነቀርሳው ትንሽ ከሆነ በ5 ቀጠሮ ብቻ እስከ 44 ግሬይ የሚደርስ ያነጣጠረ ጨረር መስጠት የሚቻል መሆኑን ያስባል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ገጽ መዝገብ ነው።

ሊደረግ የሚገባው

በመጀመሪያ፣ ጨረር የታከመ ሰው ሁሉ ከሕክምና ቤቱ ሲሰናበት የማጠቃለያ ወረቀት መጠየቅ ይገባዋል። በወረቀቱ ላይ የነቀርሳው ዐይነትና ሥፍራ፣ የሥጋው ምርመራ ውጤት፣ ጠቅላላው ግሬይ፣ የቀጠሮው ቍጥር፣ የተጀመረበትና የተፈጸመበት ቀን፣ የማሽኑ ዐይነትና አብሮ የተሰጠው መድኃኒት መጻፍ አለበት። ዕቅዱና ሥዕሉ በዲስክ ተቀድቶ ቢሰጠው የበለጠ ነው። አንዱን ቅጂ በቤቱ፣ ሁለተኛውን በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ፣ ሦስተኛውንም በስልኩ ላይ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያኑር። ነጋዴ የሱቁን ውልና የግብር ደረሰኙን እንደሚጠብቅ ይህን ወረቀት ሊጠብቀው ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሕክምና ቤት አስተዳዳሪዎች የጨረር መዝገብን ከአንድ ሕንፃ ውጭ በሌላ ሥፍራ ማስቀመጥ አለባቸው። በካርቱም የደረሰው ነገር መዝገብ ከማሽኑ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን ሁለቱም ባንድ ቀን ሊጠፉ እንደሚችሉ አሳይቷል። በድንበር ላይ ስደተኛ የሚቀበሉ ሹማምንትም የሚመዘግቡትን ሰው «ጨረር ታክመሃልን?» ብለው ቢጠይቁና መልሱን ቢጽፉ፣ የሚያወጡት ድካም ጥቂት ሲሆን የሚያተርፈው ነፍስ ነው።

ሦስተኛ፣ ለታማሚ ገንዘብ የሚሰበስቡ ዕድሮች፣ ማኅበሮችና ወዳጆች፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ከሐኪም ይጠይቁ። በሽታው መመለሱ በሥጋ ምርመራ ተረጋግጧልን? ሊቈረጥ የሚችል መሆኑን የቀዶ ሐኪም አይቶታልን? ዳግመኛ ጨረር የታሰበው ለማዳን ነው ወይስ ሕመምን ለማስታገሥ? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ለማስታገሥ የሚል ከሆነ፣ ሱቅ ሸጦና ቤት አስይዞ ወደ ሩቅ አገር መሄድ ተገቢ መሆኑን ታማሚው ራሱ አስቦ ይወስን። በቤቱ፣ በልጆቹ መካከል፣ ሕመሙ በመድኃኒት ታግሦለት ቀሪ ጊዜውን ማሳለፍ የሚመርጥም ይኖራል፤ ምርጫው የእርሱ ነውና እንደ ሽንፈት ሊቈጠርበት አይገባም። ሐኪምም ዘመድም እውነቱን ከታማሚው መሸሸግ ልማድ አድርገውት እንደሆነ ሊተዉት ያሻል፤ ሒሳቡን ያልተነገረው ሰው ንብረቱን ሊያዘጋጅ፣ ውሉን ሊጨርስ፣ ልጆቹን ሊመክር አይችልምና።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚሻለው ዳግመኛ ጨረር የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የጎረነነ፣ በአንገቱ ላይ የማይጠፋ እብጠት ያየ፣ ምግብ ሲውጥ የሚያመው ሰው፣ ብርድ ነው ብሎ ሳይዘገይ ጉሮሮውን ለሐኪም ያሳይ። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ የተገኘ የማንቁርት ነቀርሳ በአንድ ዙር ጨረር ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ከመቶ 80ው በላይ ይድናል። ሕክምናውን የጀመረም ሰው ቀጠሮውን ሳያቋርጥ ይፈጽም፤ በመካከል የሚባክን ሳምንት ለነቀርሳው የዕድገት ጊዜ ነው። ትምባሆንም ፈጽሞ ይተው፤ በሕክምና ጊዜ የሚያጨስ ሰው ጨረሩ የሚሠራለት ኀይል ይቀንስበታል። ሕክምናው ከተፈጸመም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየጥቂት ወሩ እየተመለሰ ይመርመር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።